ባለቤት ያጣችው ጳጉሜን

ነመራ ልብስ ሰፊው በዕድሜው አራት ጊዜ ዕጣ አውጥቷል። በሦስቱ የደረሰው ሌላው ሰው እንዳይደርሰው ሲጸልይበት የነበረው ነው። በአራተኛው ቀናው፤ የቀናውን ደግሞ በገዛ እጁ ለሌላ ሰጠው። ስለ እሱ ባጭሩ ንገረን ካላችሁኝ ይኸው ነው፤ ረዘም ይበል ካላችሁ ግን ትንሽ ታገሡኝ።

ትውልዱ ዲጋ ነው። አባቱ ሞተው መሬቱ ለአራት ወንድማማቾች በዕጣ ሲከፈል ድንጋያማው ተረተር ለእሱ ወጣ። ወንድሞቹ «ከፋው» እንዳይሉት ብቻ «እኔ እንኳ ለእርሻ አልሆንም» ብሎ እሱንም ትቶላቸው ነቀምት ገባ። ሚሲዮን ግቢ ውስጥ ስፌት ተማረ፣ ማንበብ ተማረ፣ መጸለይ ተማረ፤ «እንቢ» ማለትን ግን የሚያስተምረው አላገኘም። በኋላ የገበያው በረንዳ ለልብስ ሰፊዎች በዕጣ ሲታደል ከሥጋ ቤቱ ጎን ያለችው ጠባብ ቦታ ደረሰችው። ሌሎቹ ሰፊዎች ከንፈራቸውን መጠጡለት። እሱ መኪናውን ተክሎ ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ እጁ ዝንብ እያባረረ በሌላው ኮት ሰፋ። ደግሞ ጥሩ ሰፊ ነበር፤ ይህን ጠላቱም አይክድም፣ ጠላት ካለው።

ሚስቱ ወርቂቱ የአርጆ ልጅ ናት። እሱ የማይናገረውን ሁሉ እሷ ትናገርለታለች። ደንበኛ ኮቱን ወስዶ ሲጠፋ የምትሄደው እሷ፣ ጎረቤት አጥር ሲገፋ የምትቆመው እሷ። ግራኝ ናት፤ በዚያች ግራ እጇ የምትሠራው የቁልፍ ቀዳዳ ነቀምት ውስጥ ወደር አልነበረውም። ነመራ ኮቱን ሰፍቶ ያመጣል፣ ወርቂቱ ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መንገደኛውን ሁሉ እያናገረች ቀዳዳውን ትዘመዝማለች። በሃያ ሰባት ዓመት ትዳራቸው ከነመራ እጅ የወጣ ኮት ሁሉ የተቆለፈው በወርቂቱ ቀዳዳ ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው። ስሟ ኢትዮጵያ ነው፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ የእናቷ ነው። ባልና ሚስቱም የሚጠራሩት በእሷ ስም ነው፤ ወርቂቱ «አባ ኢትዮጵያ»፣ ነመራ «ሃዳ ኢትዮጵያ»፣ የኢትዮጵያ አባት፣ የኢትዮጵያ እናት ማለታቸው ነው።

ሦስተኛው ዕጣ የፍል ውሃው ቤት ነው። ከአርጆ ቁልቁል ወደ ደዴሳ በረሃ ሲወረድ ከዓለት ሥር እየፈላ የሚወጣ ውሃ አለ። የአገሩ ሰው ወገቡን ሲያመው ከጥንት ጀምሮ ይነከርበታል። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሸዋ ሳሉ ትልልቅ ሰዎች ፍል ውሃ ወርደው ሲከርሙ አይተዋልና በ1957 ዓ.ም. «እኛስ ምን አነሰን?» አሉ። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ተባብሮ አንድ ቤት ይሥራ፤ ቤቱ የሁሉም ይሁን፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት አንዲት ወር የራሱ ትኑረው፣ በዚያች ወር ማንም አይግባበት። አሥራ ሁለት ወር ለአሥራ ሁለት ቤተሰብ። እንዲህ ያለ ቀና ነገር ታይቶ አይታወቅም ተባለ። አቶ ሀብተጊዮርጊስም በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው መተዳደሪያ ደንቡን ጻፉት።

አሥራ ሁለት ወር ነው ያልኩት። ነቀምት ውስጥ ካህን አለ፣ ፓስተር አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ደብተራ አለ። አንዱም ጳጉሜን ትዝ አላለችውም። አብዛኞቹ ማኅበርተኞች የመንግሥት ሠራተኞች ስለነበሩ ይሆናል፤ ጳጉሜን ደመወዝ የለባትምና ከወር አይቆጥሯትም።

ነመራ ፍል ውሃ አይቶም ተመኝቶም አያውቅም። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኮት ሊለኩ መጥተው፣ ሜትሩ ደረታቸው ላይ እንደተጠመጠመ፣ «አቶ ነመራ፣ አንድ ሰው ጎድሎናል፤ መቼም እርስዎ አያሳፍሩኝም» አሏቸው። ይቅርታ፣ «አሉት» ማለቴ ነው፤ ነመራን አንቱ የሚለው ሲፈልገው ብቻ ነው። ደረቱን አቅፈው የያዙትን ሰው እንዴት እንቢ ይሉታል? ገባ። ዕጣው በባርኔጣ ውስጥ ተደረገ። ለጎጃሜዋ እህል ነጋዴ ለወይዘሮ በዛብሽ ሚያዝያ ወጣላት፣ ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ ጥር ወጣላቸው፣ ለነመራ ነሐሴ ወጣለት። በነሐሴ ደዴሳ መውረድ ማለት ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ መቅረት ማለት ነው። ሰዉ ሳቀ፣ እሱም አብሮ ሳቀ፣ ቤቱ ሲገባ ግን ወርቂቱ አልሳቀችም። «በጋውን ለእነሱ፣ ክረምቱን ለእኛ፤ አንተ ደግሞ አመስግነህ መጣህ!» አለችው። ሁለት ነሐሴ አለፈ፣ ሳይሄዱ።

በ1960 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ በአንድ እሑድ፣ ወርቂቱ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ስትዘምር መዝሙሩ ከአፏ ሳይወጣ ወደቀች። ግራ ጎኗ ተያዘ። ሆስፒታል ከረመች፤ እግሯ በመጠኑ ተመለሰ፣ ምላሷም ተመለሰ፣ ግራ እጇ ግን ከጎኗ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሐኪሙ ዓይኗን አስጨፍኖ ጣቷን በመርፌ ጠቅ አደረገና «ተሰማሽ?» አላት። አልተሰማትም። «ስሜቱ ከመጣ እጁም ሊመለስ ይችላል። ካልመጣ ግን...» አለና ትከሻውን ሰበቀ።

ነመራ ይህን ከሐኪሙ ተማረ። ሰፊ ነውና ኮሌታው ላይ መርፌ አይጠፋም። ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ዓይንሽን ጨፍኚ» ይላታል፤ መርፌዋን ከኮሌታው ነቅሎ ከአውራ ጣቷ በታች ጠቅ ያደርግና «ሲቲ ዸገአሜ?» ይላል፤ ተሰማሽ ወይ ማለቱ ነው። እሷም «ሂን ዸገአምኔ» ትለዋለች። አልተሰማኝም። መርፌዋን ኮሌታው ላይ ይመልስና ወደ ሥራው ይሄዳል። በቀን ውስጥ የሚነጋገሩት ይህችኑ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር፤ ምላሷ ተመልሶ ወሬዋ አልተመለሰማ። መንገደኛ ሲያልፍ ቀና ብላ አታይም። ቤቱ ያለ እሷ ወሬ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ነመራ ያወቀው ያኔ ነው። ቢሆንም አላለቀሰም። ሰው «አይዞህ» ሲለው «ተመስገን» ይላል፣ ሲያበሉት ይበላል፣ ኮት ሲያመጡለት ይሰፋል። ውስጡ ደንዝዞ ነበር። እሷ እጇ፣ እሱ ሁለመናው።

ወይዘሮ በዛብሽ ልትጠይቅ መጥታ ነው የነሐሴን ነገር ያነሳችው። «እናንተዬ፣ ውሃው እያለላችሁ! ሰባት ቀን ትነከር። ሳይቋረጥ ግን ነው! አንዲት ቀን ከተዘለለች እንዳልተነከረች ቁጠሩት» አለች። ሐኪሙም ሲጠየቅ ሙቅ ውሃ አይጎዳትም አለ። ወርቂቱ የሚሲዮን ሰው ናትና ሰባት ቁጥር ምን እንደሚያደርግ ባይገባትም፣ «እንግዲህ ሰባት ከተባለ ሰባት ይሁን» አለች። ከሰኔ ወዲህ አንድ ነገር ፈልጋ ስትናገር ነመራ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ነሐሴ ሃያ ስድስት ዝናቡ ጋብ ሲል አባትና ልጅ ወርቂቱን በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ መሃል አስቀምጠው አርጆ ደረሱ። ከዚያ ወንድሟ ዋቅወያ አራት ጎረምሶች ይዞ በቃሬዛ አወረዳት። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፤ ሁለቴ ወድቀው ተነሡ፣ ቃሬዛውን ግን አልጣሉም። ነሐሴ ሃያ ስምንት ሲመሽ ደረሱ። ነመራ በጣቱ ቆጠረ፤ ከነገ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን አምስት ልክ ሰባት ቀን። መስከረም የሌላ ሰው ነው። ጳጉሜን የማን እንደሆነች እሱም አላሰበበትም።

ዘበኛው ሽማግሌው ተረፋ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሰላምታ እየሰጡ «አካም ኦልተኒ፣ ኦቦ ነመራ፤ ነሐሴ ባለቤት አላት እንዴ? እኔ እኮ የላትም ብዬ ፍየሎቼን አስገብቼበት ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፍየሎቹ ነበሩ። ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው፣ አንዱ ክፍል ያፈሳል። በሩ ላይ ደንቡ በምስማር ተመትቷል። አንቀጽ አምስት «ማንኛውም ቤተሰብ ቤቱን በተረከበበት ሁኔታ ያስረክባል» ይላል። ነመራ አንቀጽ አምስትን ቢያከብር ኖሮ ፍራሹ ውስጥ የወለደችውን አይጥ ከነልጆቿ ማስረከብ ነበረበት። ከደንቡ ሥር የዕቃ ዝርዝር አለ፤ ብርጭቆ ስድስት ይላል፣ ያገኙት ሁለት ነው፣ አንዱ የተሰነጠቀ። ኢትዮጵያ እየተራገመች ጠረገች። አባቷ አይጦቹን በአካፋ አውጥቶ ራቅ ወዳለ ቁጥቋጦ ወሰዳቸው።

ውሃው ግን ውሃ ነው። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል እንጂ ሌላ ነውር የለውም። ከዓለቱ በቦይ ተጠልፎ በሲሚንቶ ገንዳ ይጠራቀማል፣ ዙሪያው በቀርከሃ ታጥሯል። በመጀመሪያው ቀን አባትና ልጅ ወርቂቱን ግራና ቀኝ ይዘው ከነቀሚሷ አስገቧት። ሰውነቷ ቀለላቸው። ነመራ በክንዱ ደግፏት ቆመ፤ እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ ይወጣል። ሃያ ሰባት ዓመት አብረው ኖረው በቀን ብርሃን እንዲህ አቅፏት እንደማያውቅ አሰበ። አሰበ እንጂ ምንም አልተሰማውም። እንደ ሥራ ያዛት፣ እንደ ሥራ አወጣት።

ተረፋ ከወንዙ ዓሣ አመጡላቸው። በአርጆ ልጅና በዲጋ ልጅ ቤት ዓሣ አልተለመደም፤ ወርቂቱ ቀምሳ «እሾኹ በዛ» አለች። ኢትዮጵያ ደስ አላት፣ እናቷ ማማረር ጀምራለችና። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ወርቂቱ ከውሃው ስትወጣ ረጅም እንቅልፍ ተኛች። ጣራው ሲያፈስ ድስት ደቀኑበት፣ ትንኙ በላቸው፣ ሽንኩርት አለቀባቸው። ተመችቷቸዋል ወይ ብትሉኝ ነመራ ራሱ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት መርፌዋን ከኮሌታው ይነቅላል። «ሲቲ ዸገአሜ?» «ሂን ዸገአምኔ።»

በአራተኛው ቀን፣ ጳጉሜን ሁለት፣ ወርቂቱ ገንዳው ውስጥ እያለች ወደ ግራ እጇ አየች። ከዚያ «አባ ኢትዮጵያ» አለች በቀስታ፤ «እጄ ላይ ጉንዳን የወጣ መሰለኝ።»

ጉንዳን አልነበረም። ኢትዮጵያ የእናቷን ግራ እጅ ከውሃው አውጥታ ገለባብጣ አየችውና እናቷን እየጠራች ጮኸች። «አዮ! እየመጣ ነው! አባ፣ እየመጣ ነው እኮ!» ነመራ እጇን ተቀብሎ ወደ ውሃው መለሰው። ሊያምነው ፈራ። «ገና ሦስት ቀን አለን» አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጥላ ዘርግተው በበቅሎ ብቅ አሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትዕግሥት ከኋላ። ማግስቱ ሩፋኤል ነው፤ ጳጉሜን ሦስት ሰማይ ተከፍቶ ውሃ ሁሉ ይባረካል የሚባልበት። ጸሐፊው ጳጉሜን በደንቡ ውስጥ እንደሌለች ዘንድሮ ነቅተውበታል፤ ነቅተውም ለማንም ሳይናገሩ ቀድመው ሊይዟት መጡ። ገና ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ወይዘሮ በዛብሽ ከነእህቶቿ ልጆች መጣች። እሷም ነቅታለች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አምስት ቤተሰብ ደረሰ፤ ሁሉም ብልጥ የሆነው ለብቻው መስሎት ነበር። የሚሲዮን ሰዎችም ነበሩበት፤ እነሱም ሩፋኤልን ባያከብሩ የሙቅ ውሃ ጥቅሙን አይጠሉም። በሩ ላይ የተመታው ደንብ ተነበበ። ከላይ እስከ ታች ተነበበ። ጳጉሜን የለችም።

«ጳጉሜን እንዴት ቀረች?» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ የገዛ ጽሕፈታቸውን አፍጥጠው እያዩ።

«የጻፉትን ይጠይቋቸው!» አለች በዛብሽ። ወርቂቱ በረንዳው ላይ ሆና ሳቀች። አፏ በአንድ በኩል ብቻ ከፈት ብሎ፣ ግን ሳቀች።

ሰዉ ከቤትም ከደጅም ተጣቦ አደረ። ጠዋት ዕጣ ይጣል ተባለ፣ ማን ቀድሞ ገንዳው እንደሚገባ። ስድስት ወረቀት በአቶ ሀብተጊዮርጊስ ባርኔጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ገባ። ነመራ መጨረሻ ላይ እጁን ከትቶ የቀረችውን አወጣ። ፈታት። «አንደኛ» ይላል።

እንዳልኳችሁ ቀናው። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወረቀቷን ደጋግሞ አያት። ሰዉ ሁሉ እሱን ያያል።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «እንግዲህ ዕጣ ነው፤ ምን ይደረጋል። መቼም እናንተ ዘንድ ቀኑ እንደማንኛውም ቀን ነው። እኛ ግን እህል ሳንቀምስ ነው ያለነው፣ ለበረከቱ ብለን።» ልመና አልነበረም። ቢለምኑት እንኳ ይሻል ነበር። እንዲሁ ተናግረው ባርኔጣቸውን አጠለቁ፤ የነመራ ጆሮ ውስጥ «ሰው ምን ይለኛል» የምትለው ድምፅ ጮኸች። ይህችን ድምፅ ዲጋ ላይ ሰምቷት መሬቱን ትቷል።

«ግድ የለም፣ እናንተ ቅደሙ። እኛ ቆይተንም እንገባለን» አለ።

ወርቂቱ በረንዳው ላይ ለመታጠቢያ ለብሳ ተቀምጣለች። ሰምታዋለች።

አምስቱ ቤተሰብ ተራ በተራ ገባ። ተራው ለነመራ ሲደርስ ግን ከየጎጡ የተሰበሰበው ባላገር በሩፋኤል ቀን ማን ይከለክለናል ብሎ አጥሩን አልፎ ነበር። እናቶች ሕፃን ተሸክመው፣ ሽማግሌዎች ተመርኩዘው። ነመራ እነዚህንም «እለፉ» አለ። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናብ ወረደ። የሩፋኤል ዝናብ ነውና ሰዉ እልል አለ፤ ልጅ አዋቂው ልብሱን ጥሎ ዝናቡ ሥር ቆመ፣ ወይዘሮ ትዕግሥት እንኳ ነጠላዋን አውልቃ ፊቷን ወደ ሰማይ አቀናች። ጎርፉ ከጋራው ቀይ አፈር ይዞ ወርዶ ገንዳውን ሞላው። ነመራ እጁን ሲከትበት ውሃው ቀዝቅዟል፣ እንደ አብሲት ወፍሯል። ያን ቀን ወርቂቱ አልተነከረችም።

ኢትዮጵያ በሰው ፊት ነው የተናገረችው። «አባ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹የኔ ነው› ማለት አትችልም? ለራስህ አይደለም እኮ! ለእሷ ነው! ለእሷ!» አለችው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዛብሽ «ውይ፣ አምስተኛው ቀን ነበር እንዴ?» አለች፣ ከዚያ «ሳይቋረጥ» ያለችውን አስታውሳ ከንፈሯን ነከሰች። ነመራ ወደ ደፈረሰው ገንዳ ዞረ። ማዘን እንዳለበት ያውቃል፣ መናደድ እንዳለበት ያውቃል፤ ሁለቱም ግን አልመጡለትም። «ነገ እጠርገዋለሁ» አለ።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ኮቱን አውልቆ ቀርከሃው ላይ ሰቀለና ገንዳው ውስጥ ገባ። ጭቃውን በባልዲ ሲያወጣ ረፋዱ ደረሰ፤ ማንንም አልጠራም፣ ተረፋ ብቻ ሳይጠሩ መጥተው አገዙት። ውሃው መልሶ ሲሞቅ ወርቂቱን አስገቧት። ነመራ ፊቷን እያየ ቆየ።

«ጉንዳኑስ?» አላት።

«የለም» አለች።

ነገሬ ከማለቁ በፊት ወደፊት ልሂድ። በኅዳር 1961 ማኅበሩ ነቀምት ላይ ተሰብስቦ ጳጉሜን ዳግመኛ ጠብ እንዳታስነሳ ለማን ትሰጥ ሲባል፣ ለሊቀ መንበሩ ያለ፣ በጨረታ ያለ፣ በዕጣ ያለ ብዙ ነበር። ከዳር «እኔ ልናገር» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሰዉ ማን እንደሆነ ለማየት ዞረ። ነመራ ቆሞ ነበር። «ጳጉሜን ለታመመ ሰው ትሁን። ዕጣም አይጣልባት፣ ማንም ይቅደም ማንም ይከተል አይባልባት። የታመመ ካለ እሱ ይግባ፣ ከሌለ ቤቱ ይዘጋ» አለ። እስኪጨርስም አልተቀመጠም። አቶ ሀብተጊዮርጊስ አንቀጽ አሥራ ሦስት ብለው በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ጻፉት። ወርቂቱ ዛሬ ቀዳዳውን በቀኝ እጇ መሥራት ለምዳለች። ይጣመማል። ነመራ የተጣመመውን እንደተጣመመ ለደንበኛ ይሰጣል፣ ያልወደደውን ደንበኛ «እንግዲያው ተወው» ይለዋል። መንገደኛውንም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እንደ ድሮዋ ታናግራለች። ከዚያች ጳጉሜን ወዲህ ግን ነመራ እጇን በመርፌ ሞክሮት አያውቅም። ለምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እኔ የነገረኝን ልንገራችሁ።

ጳጉሜን አምስት ጠዋት ነው፣ ሰባተኛው ቀን። ተነክራ ወጥታለች፣ ደረቅ ልብስ ለብሳ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ዋቅወያና ጎረምሶቹ ቃሬዛውን ይዘው ደጅ ይጠብቃሉ፤ ኢትዮጵያ ድስትና ብርድ ልብስ ትሸክፋለች። ነመራ ኮቱን ደርቦ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሃዳ ኢትዮጵያ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት።

ጨፈነች። ግራ እጇን በግራ መዳፉ ላይ አኖረ፣ ቀኝ እጁን ወደ ኮሌታው ሰደደ። መርፌዋ የለችም። ትናንት ኮቱ ቀርከሃው ላይ ተሰቅሎ ሲውል ወድቃ ይሆናል። የኮሌታውን ሌላ ወገን ዳበሰ፤ የለችም። እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ጠመኔ አገኘ፣ ሜትር አገኘ፣ «አንደኛ» የምትለውን ወረቀት አገኘ።

«ነቲ ዸገአሜ» አለች ወርቂቱ።

ነመራ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ ቀረ። ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው።

«ተሰማኝ እኮ፣ አባ ኢትዮጵያ። ከአውራ ጣቴ በታች አይደል የወጋኸኝ? ተሰማኝ። ዛሬ ደህና አድርጎ ተሰማኝ።»

ከሩፋኤል ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል አልወቀሰችውም ነበር። ዝም ያለችው ተቆጥታ መስሎት ነበር። ለካ ስትፈልግ የኖረችው እሱን የምታሳርፍበትን ቃል ነው፤ አግኝታ ዓይኗን ጨፍና ሰጠችው፣ መርፌው መድረሱን እንኳ ሳታረጋግጥ። ነመራ ይህ ሲገባው ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀደደ። ከሰኔ ጀምሮ የደነዘዘው ሁሉ ባንዴ አመመው፤ እጇ፣ ዝምታዋ፣ አምስተኛው ቀን፣ በገዛ አፉ «ቅደሙ» ያለባት ጠዋት። መጮኽ አማረው።

«አዎ» አላት በግድ። «እዚያው ጋ ነው የወጋሁሽ።»

«አየህ?» አለች ወርቂቱ።

ነመራ አንገቱን ደፋ። እንባው መውረድ ጀመረ፣ ሊያቆመውም አልቻለም፤ መዳፉ ላይ በያዘው ግራ እጇ ላይ ይንጠባጠባል፣ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። ወርቂቱ ዓይኗን እንደጨፈነች በግማሽ አፏ ፈገግ ብላ ተቀምጣለች። እጇ በእንባ መራሱን አላወቀችም።